ምዕራፍ አምስት፦ የሚበላው ነቀዝና የማይበላው ነቀዝ

አንድ ግድግዳ ሥር የከረሙ ሁለት ጆንያዎች አሉ እንበል፤ በአንዱ በቆሎ፣ በሌላው ሽምብራ። ሁለቱም ነቅዘዋል። ከየጆንያው አንድ እፍኝ ተዘግኖ ሰፌድ ላይ ሲዘረገፍ ግን ጉዳቱ ለየቅል ነው። የበቆሎው ቀዳዳ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ቅርጹ የተዛባ ነው፤ ፍሬው ሲነካ ነጭ ብናኝ ይረግፋል። የሽምብራው ቀዳዳ ክብ ነው፣ ጠርዙም ንጹሕ። ገና ያልተበሳው ሽምብራ ላይ ሳይቀር ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች ተለጥፈዋል፤ በጥፍር ካልተፋቁ አይለቁም።

ብዙ ቤት ለሁለቱም አንድ መፍትሔ ነው ያለው። «ነቀዝ ገባበት» ይባልና እህሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይበጠራል፣ ተመልሶ ይከተታል። ሁለቱ ነፍሳት ግን በአኗኗራቸው ተቃራኒ ናቸው። የልዩነታቸው ሥር ያለው አንድ ቀላል ጥያቄ ላይ ነው፦ ክንፍ አውጥቶ ከፍሬው የወጣው ነቀዝ ይበላል ወይስ አይበላም? የበቆሎው ይበላል፤ የሽምብራው አይበላም። የዕድሜያቸው ርዝመት፣ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ፣ ተጓዳኝ የሚጠሩበት መንገድ፣ የሚጠፉበትም ዘዴ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል።

ማን ማን ነው?

ሁለቱም የጥንዚዛ ወገን ናቸው። የፊት ክንፎቻቸው ጠንክረው የኋላዎቹን እንደ ክዳን የሚሸፍኑ ነፍሳት ሁሉ በዚህ ወገን ይመደባሉ፤ እስካሁን ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች 400,000 ገደማ ይደርሳሉ። በዚህ ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ግን ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች አይደሉም።

የበቆሎው ነቀዝ ሳይንሳዊ ስሙ ሲቶፊለስ ዜማይስ ነው። ሩሲያዊው የነፍሳት አጥኚ ቪክቶር ሞቹልስኪ በ1855 እ.ኤ.አ. ስም አወጣለት፤ ነገር ግን ከቅርብ ዘመዱ ከሩዝ ነቀዝ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ሲያምታቱ ኖረዋል። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቡኒ ሲሆን ክንፎቹ ላይ አራት ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አሉት። ዋናው መለያው ከራሱ ወደ ፊት የወጣው ቀጭን አፈ ሙዝ ነው፤ የሚቦረቡሩት ጥቃቅን መንጋጋዎች ጫፉ ላይ ናቸው። ስሙ በቆሎን ቢጠራም ማሽላንም፣ ስንዴንም፣ ሩዝንም ያጠቃል። መኮሮኒ ውስጥ እንኳ ሊራባ ይችላል።

የሽምብራው ነቀዝ ካሎሶብሩከስ ቺነንሲስ ይባላል። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ስም ካወጣላቸው ነፍሳት አንዱ ነው። አፈ ሙዝ የለውም። ዛሬ ሊቃውንት የሚመድቡት ከቅጠል በል ጥንዚዛዎች ጋር ነው። ቁመቱ ከበቆሎው ነቀዝ ያጥራል፤ ሰውነቱ ድብልብል ያለ፣ ክንፉ ጀርባውን እስከ ጫፍ የማይሸፍን ነው። የወንዱ አንቴናዎች በአንድ በኩል ረጃጅም ጥርሶች አሏቸው፤ የሴቷ ጥርሶች አጫጭር ስለሆኑ በአጉሊ መነጽር ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ሽምብራን፣ ምስርን፣ ባቄላን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ቤቱ ናቸው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ቀዳሚዋ የሽምብራ አምራች በመሆኗ ይህ ነቀዝ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም።

ረጅም ዕድሜና አጭር ዕድሜ

የበቆሎው ነቀዝ ከፍሬው ከወጣ በኋላ ለወራት ይኖራል፤ ሲመቸው ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። እንስቷም የምትጥለውን እንቁላል በአንድ ጊዜ አታራግፍም፤ ቀስ እያለች፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጣለች በዕድሜዋ እስከ 150 ገደማ ታደርሳለች። ስለዚህ አንድ ጆንያ ውስጥ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ባንድ ዘመን ሲበሉ ይገኛሉ።

የሽምብራው ነቀዝ ሕይወት ጥድፊያ ነው። ጎተራ ውስጥ ከፍሬው ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እህል አይቀምስም፣ ውኃም አይጠጣም። ያለው ስንቅ እጭ ሳለ በልቶ ያከማቸው ስብና ርጥበት ብቻ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይዘልም። በዚያች አጭር ጊዜ መገናኘትና እንቁላል መጣል አለበት። እንስቷ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ትጠቃለች፤ አብዛኛውን እንቁላሏንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትጨርሳለች።

ከዚህ የተነሳ ጠባያቸውም ይለያያል። የበቆሎው ነቀዝ ሲነካ እግሩንና አፈ ሙዙን ሰብስቦ የሞተ ይመስላል፤ ሰፌድ ላይ ከብናኙ ጋር ተጠርጎ ይጣልና ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ወራት የሚቀሩት ፍጡር አደጋው እስኪያልፍ መጠበቅ ያዋጣዋል። ከበቆሎው ሲባረር ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወይም አሮጌ ጆንያ ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ አዲሱን ምርት ይጠብቃል። ከሽምብራው የተባረረ ነቀዝ ግን ሌላ ዘር በቶሎ ካላገኘ ታሪኩ በቀናት ውስጥ ያበቃል።

አንዷ ትደብቃለች፣ ሌላዋ ትለጥፋለች

የበቆሎዋ ነቀዝ እንቁላል ስትጥል በቅርብ መታየት ያለበት ሥራ ትሠራለች። መጀመሪያ አፈ ሙዟን እንደ ወስፌ ፍሬው ላይ ተክላ ጠባብ ጉድጓድ ትቦረቡራለች። ጉድጓዱ ሲበቃት ዞር ትልና በኋላ ጫፏ አንዲት እንቁላል ታስቀምጥበታለች። ከዚያ ከሰውነቷ በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ አፉን ትደፍነዋለች። ፈሳሹ ሲደርቅ ከፍሬው ቀለም ጋር ይመሳሰላል። ለዚህ ነው ደህና መስሎ የተገዛ በቆሎ ከአንድ ወር በኋላ «ከየት መጣ?» የሚያሰኝ ነቀዝ የሚያፈልቀው። ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እህል መርማሪዎች አሲድ ፉክሲን በተባለ ቀለም ፍሬውን መንከር የለመዱትም ለዚሁ ነው፤ ቀለሙ መድፈኛውን ቀይ አድርጎ ያጋልጠዋል።

የሽምብራዋ ነቀዝ መቦርቦሪያ የላትም። እንቁላሏን ዘሩ ልጣጭ ላይ በሙጫ ትለጥፋለች። ይሁን እንጂ ሥራዋ ግድ የለሽ አይደለም። ከመለጠፏ በፊት ዘሩን እየዞረች በአንቴናዋና በአፏ አካባቢ ባሉ መዳሰሻዎች ትመረምራለች። ሌላ እንቁላል የተለጠፈበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ትታው ታልፋለች፤ እንስቶቹ እንቁላል ሲጥሉ የሚተዉት ኬሚካላዊ ምልክት መያዙን ይነግራታል። በዚህ ምክንያት እንቁላሎቹ በየዘሩ ከሞላ ጎደል እኩል ተዳርሰው ይገኛሉ። ሁሉም ዘር ከተያዘ ግን አማራጭ ስለሌላት ሁለተኛና ሦስተኛ ትደርባለች። የልጣጩም ሁኔታ ለምርጫዋ ወሳኝ ነው። ለስላሳ ልጣጭ ትወዳለች፤ ሻካራና ጨርመድመድ ያለው አይመቻትም።

ነጩ ነጠብጣብም ራሱ ታሪክ አለው። አዲስ የተጣለ እንቁላል ብርሃን ያሳልፋል፤ በዓይን ለማየት ያስቸግራል። እጩ ሲፈለፈል ወደ ውጭ አይወጣም፤ ከቅርፊቱ ሥር በቀጥታ ልጣጩን በስቶ ወደ ዘሩ ይገባል። የፈጨውን ብናኝ ወደ ኋላው እየገፋ ባዶውን ቅርፊት ይሞላዋል። ቅርፊቱ ነጭ ሆኖ የሚታየው ያኔ ነው። ስለዚህ ሽምብራ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያየ ሰው ያየው ነቀዝ ሊገባ ሲል ሳይሆን ከገባ በኋላ ነው።

አንድ ፍሬ ውስጥ የሚያልፍ ልጅነት

በእጭነት ዘመናቸው ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የሁለቱም እጭ ነጭ፣ ጎባጣና ደንዳና ነው፤ ከአንድ ፍሬ ወደ ሌላ ፍሬ መዛወር አይችልም። እናቱ የመረጠችለት ፍሬ ምግቡም ቤቱም ነው። እዚያው ይበላል፣ እዚያው ቆዳውን እየለወጠ ያድጋል፣ ፑፓ ሆኖ መልኩን የሚለውጠውም እዚያው ነው።

አወጣጣቸው ግን ይለያል። የሽምብራው እጭ ፑፓ ከመሆኑ በፊት እስከ ልጣጩ ድረስ መውጫ ቦርቡሮ ስስ ልጣጭ ብቻ ያስቀራል። ይህ ከውጭ ሲታይ ጠቆር ያለ ክብ መስኮት ይመስላል። ክንፍ ያወጣው ነቀዝ የመስኮቱን ዙሪያ ይቆርጥና ገፍቶት ይወጣል፤ የቀዳዳው ክብነት ከዚህ የመጣ ነው። የበቆሎው ነቀዝ እንዲህ ያለ ዝግጅት አያደርግም። ክንፍ ካወጣ በኋላም ፍሬው ውስጥ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ቆዳው ሲጠነክርለት እየበላ ይወጣል፤ ቀዳዳውም እንደ አበላሉ የተቦጫጨቀ ይሆናል።

ለዚያ ጠንካራ ቆዳ የበቆሎው ነቀዝ ዘመዶች ባለ ዕዳዎች ናቸው። በሲቶፊለስ ወገን ሴሎች ውስጥ ሶዳሊስ የተባለ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእንቁላል በኩል ነው። እህል ብቻ ለሚበላ ፍጡር የሚጎድሉትን አሚኖ አሲዶች ይህ ባክቴሪያ ይሠራለታል፤ ቆዳውን ለማጠንከርና ለማጥቆር የሚውሉትም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። በፈረንሳይ የሊዮን ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ወጣቱ ነቀዝ ቆዳው ሲጠነክርለት አንጀቱ አካባቢ የነበሩትን እነዚህን ባክቴሪያዎች ራሱ አፍርሶ ያስወግዳቸዋል። ለወራት የሚኖር ፍጡር ይህን ያህል ወጪ አውጥቶ ጥሩር ቢያሠራ አይገርምም።

የእድገታቸው ፍጥነት የሚወሰነው በሙቀት ነው። ቆላማ በሆነ ሞቃት ቦታ የበቆሎው ነቀዝ ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ ደጋ ላይ ግን ከሦስት ወር በላይ ሊወስድበት ይችላል። የሽምብራው በሙቀት አንድ ወር ሳይሞላ ዙሩን ይጨርሳል። ስሌቱን እንመልከት፦ ከአንዲት እናት ልጆች መካከል ለእናትነት የሚበቁት 20 ሴቶች ብቻ ናቸው ብንል፣ በሁለተኛው ትውልድ 400፣ በሦስተኛው 8,000 እናቶች ይኖራሉ። ዕድሜዋ ሁለት ሳምንት የማይሞላ ነቀዝ አንድ ኩንታል ሽምብራ በአንድ ወቅት ባዶ ቀፎ የምታደርገው በዚህ ነው።

ጠሪው ማን ነው?

ነፍሳት የሚነጋገሩት በአብዛኛው በሽታ ነው። በበቆሎው ነቀዝ ዘንድ ጠሪው ወንዱ ነው። ምግብ ያገኘ ወንድ የሚለቀው ሽታ ወንዱንም ሴቱንም ይስባል፤ ጥሪው «ኑ፣ እዚህ ምግብ አለ» የሚል ዓይነት ነው። በሽምብራው ነቀዝ ዘንድ ጠሪዋ ሴቷ ናት፤ ሽታዋም የሚስበው ወንዱን ብቻ ነው። ልዩነቱ ከአበላላቸው ጋር ይሄዳል። ገበታ የሚጋራ ፍጡር የሚሰባሰብበት ምክንያት አለው። የማይበላ ፍጡር ግን ከተጓዳኙ በቀር የሚፈልገው የለም።

ሁለቱም መብረር ይችላሉ፤ ስለዚህ መነቀዝ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ጎተራ ውስጥ ሳይሆን ማሳ ላይ ነው። የበቆሎው ነቀዝ ደርቆ ያልተሸለቀቀ በቆሎ ላይ ያርፋል፤ ሽፋኑ ጫፉን በደንብ ያልሸፈነለት የበቆሎ ራስ ይበልጥ ይጠቃል። የሽምብራው ነቀዝ ደግሞ ሊታጨድ በደረሰ ዘር ላይ እንቁላሉን ይለጥፋል። ምርቱ ተወቅቶ ወደ ቤት ሲገባ ጠላቱም አብሮ ይገባል።

እነሱም ጠላት አላቸው። አኒሶፕተሮማለስ ካላንድሬ የምትባል ደቃቃ ተርብ በበቆሎው ውስጥ ያለውንም፣ በሽምብራው ውስጥ ያለውንም እጭ ታድናለች። ፍሬውን በመውጊያዋ በስታ እጩን ካደነዘዘች በኋላ የራሷን እንቁላል አጠገቡ ትጥላለች፤ ልጇ እጩን በልታ ታድጋለች። ጃፓናዊው ሹንሮ ኡቺዳ በኪዮቶ የሽምብራውን ነቀዝ ከእንዲህ ያሉ ተርቦች ጋር በአንድ ዕቃ እያረባ ለብዙ ትውልድ ቁጥራቸውን ተከታትሏል። ነቀዙ ሲበዛ ተርቡ ይበዛል፤ ተርቡ ሲበዛ ነቀዙ ይመናመናል፤ ከዚያ ተርቡ ራሱ ምግብ አጥቶ ይቀንስና ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ሥራ እስከ ዛሬ በሥነ ምኅዳር ትምህርት ይጠቀሳል። ለገበሬው ግን አያጽናናም፤ ተርቡ ነቀዙን የሚቀንሰው ነቀዙ አስቀድሞ ከበዛ በኋላ ነውና።

ለየራሳቸው የሚሆን መከላከያ

አሁን ወደ ሁለቱ ጆንያዎች ስንመለስ፣ አሰጥቶና አበጥሮ መክተት ለሁለቱም እኩል የማይሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። የበቆሎው ነቀዝ ጉዳይ የቤት ጉዳይ ነው። ሲበጠር የወጣው ነቀዝ እዚያው ግቢ ከተጣለ ይመለሳል፤ ስለዚህ መቃጠል ወይም የፈላ ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። አዲስ ምርት ከመግባቱ በፊት ጎተራው መጠረግ፣ ስንጥቁ መለሰን፣ አሮጌው ጆንያ መቀቀል ይኖርበታል። አዲሱን በአሮጌው ላይ መጨመር ለተራበ ነቀዝ ድግስ መደገስ ነው። ይህ ነቀዝ በጣም የደረቀ እህል አይስማማውም፤ ርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች የወረደ በቆሎ ውስጥ ብዙ አይቆይም።

የሽምብራው ነቀዝ ግን ደረቅ ዘርን ይችላል፤ በማድረቅ ብቻ አይሸነፍም። የእሱ ድካም እንቁላሉ ላይ ነው፤ ውጭ ስለተለጠፈ ሊደረስበት ይችላል። በአንድ ኪሎ ዘር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ዘሩ ሁሉ ላይ እስኪዳረስ ቢታሽ እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። ለምግብ የሚቀመጠውን ሽምብራ አምሶ መከካት ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው፦ ሙቀቱ ውስጥ ያለውን እጭ ይገድላል፣ ልጣጩ ሲለቅም እንስቷ የምትወደው ለስላሳ ማረፊያ ይቀንሳል። ዱቄት ውስጥ የሚርመሰመሱት ነፍሳት ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ናቸው፤ የእኛ ሁለቱ ግን ለመራባት እጫቸው ውስጡ ሊያድግበት የሚችል ጠጣር ነገር ይፈልጋሉ።

የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ለሁለቱም ይሠራል፤ ከአየር ርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ሰውን ከነቀዝ አይለይም። ሰው በሚያድርበት ቤት መጠቀም ቤተሰብ ይጨርሳል።

ጤፍ ለምን አይነቅዝም?

የሁለቱን አኗኗር ያወቀ ሰው ይህን የቆየ ጥያቄ ያለ ችግር ይመልሳል። የሁለቱም እጭ ልጅነቱን ሙሉ አንድ ፍሬ ውስጥ ማሳለፍ አለበት። አንድ የበቆሎ ፍሬ የሚመዝነው 1,000 የጤፍ ፍሬዎችን ያህል ነው፤ የጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ያደገው ነቀዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከመኖሪያው የሚበልጥ ነዋሪ አይኖርም።

የጤፍ ደቃቅነት ለሌሎቹም ይተርፋል። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ገበሬዎች ጤፍን ከማሽላ ወይም ከጥራጥሬ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጣሉ። ጤፉ በትልልቆቹ ፍሬዎች መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም፤ ተጓዳኙን ለመፈለግም፣ ፍሬውን ዞሮ ለመመርመርም ቦታ ያጣል። አመድም ተመሳሳይ ሥራ አለው፤ በተጨማሪም የነቀዙን ቆዳ የሚሸፍነውን ሰም እየፋቀ ርጥበቱን ያስወጣበታል።

ርጥበት ሁለቱ ነቀዞች የሚገናኙበት የጋራ ድካም ነው። ውኃ በሌለበት ደረቅ እህል ውስጥ የሚኖሩት ምግባቸውን በኦክስጅን አቃጥለው ውኃ ስለሚሠሩ ነው። ኦክስጅን ከተቋረጠ ውኃውም ይቋረጣል። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በካሜሩን የጀመሩት ሥራ እዚህ ላይ ያረፈ ነው። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶችን አንዱን ባንዱ ውስጥ፣ ሁለቱንም በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አድርገው እህሉን አየር እንዳያገኝ አሰሩት። መጀመሪያ የታሰበው ለሽምብራው ነቀዝ የቅርብ ዘመድ ነበር፤ ኋላ ግን ለበቆሎውም ሠራ። ነፍሳቱ ራሳቸው የቀረውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱና መብላት ያቆማሉ፤ ከዚያም ደርቀው ይሞታሉ። ፒክስ የሚባለው ይህ ከረጢት ዛሬ በኢትዮጵያም ይሸጣል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ከትቶ አፉን ሲደፍን በከፊል የሚጠቀመውም ይህንኑ መርሕ ነው።

ከረጢቱ ለሁለቱም የሚሠራው ግን እስከተዘጋ ድረስ ነው። ለየዕለቱ ቀለብ የሚከፈት ከረጢት አየር ስለሚያስገባ አይጠቅምም። ስለዚህ ለወራት የሚቀመጠውን እህል ለብቻው አጥብቆ ማሰር፣ ለዕለቱ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ ማድረግ ይሻላል። በዚያኛው ዕቃ ውስጥ በቆሎ ካለ ጥርጊያው፣ ሽምብራ ካለ ነጩ ነጠብጣብ በየጊዜው ይታይ።